ደጋ ላይ የተለካ ሞተር

የዶክተር ባይሮን ሃራሚዮ ጥቁር መኪና ከመነካቷ በፊት ሁኔታዋ ይህ ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ለሞተሩ አየር የሚያምቅ አንድ ተርቦ፣ ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ። የሄደችው አርባ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ወንበሮቿ ገና አዲስ ቆዳ ይሸታሉ። ኪቶ ላይ፣ ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሜትር ከፍታ፣ በኖኤሚ ኪሽፔ ጋራዥ መለኪያ ሮለር ላይ ሦስት ጊዜ ወጥታ ሦስቱንም ጊዜ 382 ኒውተን ሜትር ጉልበት ሰጥታለች። ፋብሪካው በወረቀቷ ላይ የጻፈው 450 ነው። የጎደለውን የበላው የኪቶ ስስ አየር ነው።

ሐሙስ ዕለት ኖኤሚ ቺፕ አስገባችላት። ሰዉ ዛሬም ቺፕ ይበለው እንጂ፣ ነገሩ በመኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ የሚለወጡ ሁለት ፋይሎች ናቸው። አንደኛው ሞተሩን ይህን ያህል ጉልበት ስጥ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ካምቢዮውን ይህን ያህል ጉልበት ተቀበል ብሎ ይፈቅዳል። ሐሙስ ማታ መኪናዋ 468 ሰጠች። አርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ዶክተሩ መጥተው ወሰዷት።

ከመውሰዳቸው በፊት ኖኤሚ እንደ ልማዷ ቅጹን ሞልታለች።

«መኪናዋ የምትነዳው የት ነው?»

«ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት» አሉ ዶክተሩ።

«ወደ ባሕር አይወርዱም?»

«እኔ? ትንኝ ጠጥቶ ይጨርሰኛል፣ ኢንጂነር!»

ጥያቄው የወግ አልነበረም። ወደ ባሕር የሚወርድ መኪና ቆላ ያለችው ሳንቶ ዶሚንጎ ድረስ ተወስዶ፣ በወፍራሙ አየር እንደገና ሳይለካ ከዚህ ጋራዥ አይወጣም። ኪቶን ለማይለቅ ግን ያ ድካም አያስፈልግም። ኖኤሚ «ኪቶ ብቻ» ብላ ጻፈች፤ ለመጀመሪያው ሳምንት የምትተክለውን፣ የሞተሩን ቁጥሮች የሚመዘግብ ትንሽ መቅጃ ከክሩስኮቱ ሥር ሰክታ ሸኘቻቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ የሐሙሱን ልኬት ልታስቀምጥ ላፕቶፗን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ሰማያዊው የተጠየቀው ጉልበት፣ ቀዩ የተሰጠው። ቀዩ 468 ላይ ቆሟል። ሰማያዊው 620 ላይ ነው።

እጇ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ።

ኪቶ ላይ ሞተር የሚያስተካክል ሰው ሁሉ ይህ አመል አለበት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የሚፈልገውን ለማግኘት አብልጦ ይጠይቃል፤ ገበያ ላይ ዋጋ ከፍ አድርጎ እንደሚጠራ ሻጭ። ኖኤሚም 480 ጠይቃ 468 አገኘች። 520 ጠየቀች፤ 468። 560፤ ያው። ተርቦው የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት 620 ጠየቀች፤ ያው። ከዚያ ወደ 480 መመለስ ነበረባት። መሽቶ ነበር፤ ለውጥ የለውም ብላ ተወችው። ኪቶ ላይ በእርግጥም ለውጥ የለውም።

ቆላ ሲወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል። ሞተሩ 620 ሲጠየቅ መከራከሩን ትቶ እሺ ይላል። ካምቢዮው ሊሸከም የተሠራው 550 ነው። ከዚያ በላይ የመጣውን የሚመልስ ዘብ ፋብሪካው አቁሞበት ነበር፤ ያንን ዘብ ለልኬቱ እንዳያስቸግራት ኖኤሚ ራሷ ከበሩ አንሥታዋለች።

«ኪቶ ብቻ» ተጽፏል፤ ቢሆንም ስሕተት ስሕተት ነው። ዛሬውኑ መልሰው እንዲያመጧት ወደ ክሊኒኩ ደወለች።

«ዶክተር የሉም» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ለካርኒቫል በዓል ወደ ባሕሩ፣ ወደ ፔደርናሌስ ወርደዋል፤ እናታቸውን ይዘው። የእህታቸው ባል 'የኔ መኪና ያንተን ታስከነዳለች' ብለዋቸው ሲንጨረጨሩ ነው የከረሙት። አሁን ቺፕ አስገብቻለሁ፣ ከከተማው በፊት ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አሳየዋለሁ ብለው ነው የሄዱት።»

ኖኤሚ የዶክተሩን ስልክ ስድስት ጊዜ ሞከረች። አይነሣም። «ቤንዚን እስከ መጨረሻ እንዳይረግጡ! በግማሽ ብቻ ይንዱ!» ብላ የድምፅ መልእክት ላከች። አልደረሰም። ወደ ባሕር የሚወርደው መንገድ ከአሎአግ በታች በሚያልፍበት ገደል ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ ታውቃለች። መኪና በሙሉ ጉልበቱ ከባድ መኪና ሲቀድም ካምቢዮው ቢከዳው፣ ሹፌሩ በተቃራኒው መስመር ላይ፣ ፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር ነው የሚቀረው። ይህንንም ታውቃለች።

አጎቷ ዶን ሴጉንዶ አንድ የተፈታ ካምቢዮ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። በዚህ ሙያ አርባ ዓመት ቆይተዋል። ነገሩን ስትነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ስንት ነው ያልሽው?»

«ስድስት መቶ ሃያ።»

«እኔ እኮ አንቺን እንጂ ሰይጣንን አላስተማርኩም» አሉና የፒካፑን ቁልፍ አነሡ። «ነይ፣ ውጪ!»

ጋራዡ ከከተማው ደቡብ፣ ከመውጫው አጠገብ ነው። ዶክተሩ ግን መኪናዋን ወስደው ወደ ሰሜን፣ እናታቸውን ሊያነሡ ሄደዋል። ኖኤሚ አሰላችው፤ ቢበዛ የሚቀድሟቸው በአርባ ደቂቃ ነው። በካርኒቫል የመኪና ሰልፍ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ማንም ማንንም አይቀድምም።

የአሎአግን በር ሲያልፉ የኖኤሚ የከፍታ መለኪያ 3,100 ሜትር አለ። ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው። ፊት ለፊት የሙዝ ሳጥን የጫነ ከባድ መኪና፣ ከእርሱ ፊት ሌላ፣ ከእርሱም ፊት ሌላ። ኖኤሚ ቁጥሩን እያየች በልቧ ታሰላለች። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሞተሩ ቢበዛ አምስት መቶ ይሰጣል፤ ካምቢዮው ይችላል። ሺህ አምስት መቶ ላይ አምስት መቶ ሠላሳ፤ ይችላል። ሺህ ላይ አይችልም።

«ፈጠን ይበሉ እንጂ፣ አጎቴ!»

«በምን? በክንፌ?» ዶን ሴጉንዶ ማርሽ ቀንሰው፣ «እናትየዋ ዶኛ ዞይላ አብረው ናቸው አልሽኝ?»

«አብረው ናቸው።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ኪቶ የተወለደች አሮጊት አሉሪኪን ላይ ሳትቆም፣ ያን ጣፋጭ ሜልኮቻ ሳትገዛ ባሕር ስትደርስ አይቼ አላውቅም። ሟች እህቴ፣ እናትሽ፣ ምጥ ይዟት እንኳ አስቁማኛለች።»

አሉሪኪን ሲደርሱ ጉሙ ተገለጠ፤ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። መለኪያው 760። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሜልኮቻ ሻጮች የሞቀውን የሸንኮራ ሊጥ እንጨት ላይ እየወረወሩ ይጎትታሉ፤ ቡናማው ሲጎተት ወርቅማ፣ ሲጎተት ነጭ እየሆነ ይሄዳል። በስተቀኝ ሦስተኛው ዳስ ፊት ጥቁሯ መኪና ቆማለች።

ኖኤሚ ፒካፑ ሳይቆም ወረደች። ሰላምታ ለማንም አልሰጠችም፤ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ከሥር አየች። ዘይት የለም። የተቃጠለ ነገር ሽታ የለም። ኮፈኑን በመዳፏ ነካችው፤ ሙቀቱ እንደማንኛውም ሲሄድ እንደቆየ መኪና ነው።

«ኢንጂነር?» ዶክተሩ ከዳሱ ወጡ፤ አፋቸው በሜልኮቻ ተጣብቋል። «እርስዎም ለካርኒቫል?»

«ረግጠዋት ነበር?»

«ምኗን?»

«ቤንዚኑን! እስከ መጨረሻ!»

ዶክተሩ እናታቸውን አዩ። ዶኛ ዞይላ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ሻጯ ዘንድ ሊጡ ገና ነጭ አልሆነም ብለው እየተሟገቱ ነበር።

«አንድ ጊዜ...» አሉ ዶክተሩ።

«ሁለት ጊዜ!» አሉ እናቲቱ ዞር ሳይሉ።

«ሁለተኛው ግማሽ ነው፣ እማዬ።»

«ግማሽ የሆነው በማራገቢያዬ ጉልበትህን ስላልኩህ ነው! አውቶቡስ ሊቀድም ተነሣ፣ እኔን ከወንበሩ ጋር ሰፋኝ። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው!»

ኖኤሚ ላፕቶፗን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ መቅጃውን አገናኘች። ፋይሉ እስኪከፈት አስራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ከዚያ የቀኑን ከፍተኛ ቁጥር አየች፤ በ1,400 ሜትር ከፍታ፣ ለአንድ ሰከንድ ከአንድ አሥረኛ፣ 534 ኒውተን ሜትር። የካምቢዮው መንሸራተት ዜሮ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

የከረሜላ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ከአሎአግ ጀምሮ ትንፋሿን ይዛ እንደነበር የገባት ያኔ ነው። ሳቋ መጣ፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ በሙሉ ደረቷ።

«ምን ሆነች ይቺ?» አለች ሻጯ። «ደገኞች ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይበዛባቸዋል ልበል?»

«ልክ ነሽ፣ የኔ እመቤት» አሉ ዶን ሴጉንዶ። «ነገሩ ሁሉ እሱው ነው።»

ሻጯ ገና ትኩስ የሆነ ሜልኮቻ ቆርጣ ለኖኤሚ ሰጠቻት። ከጥርሷ ጋር እየታገለ ጣፈጣት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ሲያልቅ ቆማ ነገሩን ለዶክተሩ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ 480፣ 520፣ 560፣ 620፣ የተነሣውን ዘብ፣ ሁሉንም። «ስሕተቱ የኔ ነው» አለች።

ዶክተሩ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ወደ ባሕር አልወርድም ብዬ የዋሸሁትስ? ሳንቶ ዶሚንጎ ወርደው እስኪለኳት ሁለት ቀን ይፈጃል ብዬ ፈርቼ ነው። ካርኒቫል አመለጠኝ ብዬ።»

«አየሽው ይሄን?» አሉ ዶኛ ዞይላ ለኖኤሚ። «ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ሌላ ጊዜ ጆሮውን እይ።»

ሁሉም የዶክተሩን ጆሮ አዩ። ቀልቷል።

«የፋብሪካውን ፋይል መልሺና ወደ ቤታችን እንግባ» አሉ ዶን ሴጉንዶ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ ዶክተሩ። «ያችን ትንሽ ጉልበት ሊወስዱብኝ? ፔደርናሌስ የሚጠብቀኝን ሰው አያውቁትም!»

«የሚወሰድብዎ የለም» አለች ኖኤሚ። ድምፅዋ አሁን የጋራዧ ድምፅ ሆኗል። «ኪቶ 620 ጠይቄ ያገኘሁት 468 ነው። እዚህ 500 ብጠይቅ 500ውን አገኛለሁ። ትንሽ ጠይቀን ብዙ እናገኛለን፤ ካምቢዮውም ይችለዋል።»

ዶክተሩ ይህን እንደታመመ ጥርስ ቀስ ብለው እየነካኩ አሰቡት። «እና ሐሙስ ከሰጡኝ ይበልጣል?»

«በሠላሳ ያህል።»

«ታዲያ ምን ያስጮኸናል?»

ኖኤሚ ፋይሉን አስተካከለች። ጥያቄውን 500 አደረገችው። ለካምቢዮው ዘቡን መልሳ 550 ላይ አቆመችው። ሲጫን አራት ደቂቃ ወሰደ፤ ዶን ሴጉንዶ ጭነቱ እንዳይቋረጥ፣ ፋይሉ እስኪገባ ድረስ ማንም የመኪናዋን በር እንዳይነካ እንደ ዘበኛ ቆሙ፤ ዶኛ ዞይላ እንኳ ሻንጣቸውን ሊያወጡ ቢሉ አልፈቀዱላቸውም።

ለልኬቱ ከሳንቶ ዶሚንጎ አልፈው ላ ኮንኮርዲያ አጠገብ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ መረጡ። ከግራም ከቀኝም የዘንባባ እርሻ ነው፤ ሰልፉ ወደ ሌላው አቅጣጫ ተገንጥሎ መንገዱ ባዶ ሆኗል። ኖኤሚ መሪውን ያዘች፤ ዶክተሩ ከጎኗ። ዶኛ ዞይላ ወርደው ከዶን ሴጉንዶ ጋር ፒካፑ ውስጥ እንዲጠብቁ ቢለመኑ እንቢ አሉ።

«የበላሁት ሜልኮቻ ካልወጣ ምንም አልሆንም» አሉ ከኋላ ቀበቶአቸውን እያሰሩ። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው ይህ የምትሄዱት?»

«ስምንት መቶ ሜትር ብቻ፣ ዶኛ ዞይላ። ከመቶም ፍጥነት አላልፍም።»

«ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ?»

ኖኤሚ በሦስተኛ ማርሽ ዝግ ብላ ገባችና ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ረገጠች። ሞተሩ አላጓራም፤ ወፍራሙን አየር ጠጥቶ ብቻ ተነሣ። ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት። ካምቢዮው ወደ አራተኛ ሲያልፍ አንገቷ እንኳ አልተነቀነቀም። መቶ ሲሞላ እግሯን አነሣች።



«ድገሚው እስቲ» አሉ ዶኛ ዞይላ።

ለማመሳከርም ሁለተኛ ልኬት ስለሚያስፈልግ ደገመችው። ከዚያ ከመንገዱ ዳር አውጥታ አቆመችና ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ከፍታ 370 ሜትር። በመጀመሪያው ልኬት 498 ኒውተን ሜትር፣ በሁለተኛው 497፤ የካምቢዮው መንሸራተት በሁለቱም ዜሮ፣ የዘይቱ ሙቀት 91 ዲግሪ፤ ሁሉም ካምቢዮው በደህና ከሚችለው ወሰን ውስጥ።