ሳይነካ የወደቀ ዱሪያን

ሊንጋይን ማንም አይጠይቃትም። ዱሪያን የሚባለውን ባለ እሾህ ፍሬ ዛፍ የተከሉት የእሷ አያቶች ናቸው፤ ከካቲንጋን ወንዝ እስከ ረግረጉ ድረስ ጫካውን በእግሯ ታውቀዋለች። መንደሩ ሲመክር ግን "አሮጊት ናት፣ ተዋት ታውራ" ተብላ ትታለፋለች። ፊቷ በተፈለገ ጊዜ ግን አልተረሳችም። አምና ከጫካው አጠገብ ያለው የዘይት ፓልም እርሻ ሰዎች ከዱሪያኑ ሥር አቁመው ፎቶ አነሷት። "የጫካው አውሬዎች ደህና ናቸው?" አሏት። "ደህና ናቸው" አለች። ያኔ እውነት ነበር።

አሁን ያ ፊቷ፣ ልጇ ደሄን ከከተማ ባመጣው የብስኩት ፓኬት ላይ ታትሟል። ከጎኑ ዛፍ ላይ የሚኖረው ቀይ ዝንጀሮ፣ የኦራንጉታን ሥዕል፣ ከሥሩ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት።

"ምን ይላል?"

"የዚህ ብስኩት የፓልም ዘይት ሲመረት እንስሳቱ አልተጎዱም ይላል። ምስክሯ አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ባሕር ማዶ ያለው ሰው አንቺን አምኖ ነው የሚበላው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትኮራ ነበር። ዘንድሮ ግን ዱሪያኑ ከወትሮው በዝቷል፣ ያ ነው ያሳሰባት።

በመንደሩ ዱሪያን ላይ ማንም አይወጣም፤ ራሱ ይወድቃል፣ ያነሳው ይወስዳል። ከሰው በፊት ግን ቀይዋ ኦራንጉታን ድርሻዋን ትወስድ ነበር። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥሬውን እየፈለቀቀች፣ እሾሃሙን ቅርፊት ከሥር በሚለቅሙት ሰዎች አናት ላይ ታወርድ ነበር፤ እነሱም ይረግሟት ነበር። ዘንድሮ አንድ ቅርፊት አልወረደም። ፍሬው እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ድው ይላል።

"እማማ ሊንጋይ፣ ዘንድሮስ ፈጣሪ አየን!" አለች ጎረቤቷ ሚናሪ ቅርጫቷን እየሞላች። "ያቺ ሌባ የት ገባች?"

"ጥርስሽን ሰብስቢና ወደ ላይ እዪ።"

ቀይዋ በየማታው አዲስ ቅጠል አንጥፋ የምትተኛ ናት። ከላይ ያሉት የመኝታ ጎጆዎቿ ሁሉ ደርቀው ቡናማ ሆነዋል።

"ሄዳ ይሆናላ።"

"ወዴት? ዙሪያው ሁሉ ፓልም ነው።"

ሚናሪ ሳቋ ጠፋ። ቅርጫቷን አንስታ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ደሄን ዘበኛ ከሆነበት የፓልም እርሻ ተመለሰ። አካፋውን በሩ ላይ አስደገፈ፤ የረግረጉ ጥቁር ጭቃ ደርቆ ተጣብቆበታል።

"ነገ የብስኩቱን የቅጠል ምልክት ፈቃድ የሚያድሱት ሰዎች ይመጣሉ። የአምናውን ድገሚላቸው፣ በቃ።"

"ቀይዋ የት አለች?"

"እኔ የእሷ ጠባቂ ነኝ?"

"ታዲያ ደሞዝ የምትበላው ምን ጠብቀህ ነው?"

ዱሪያን ፈልቅቃ አቀረበችለት። በልጅነቱ ለዱሪያን ከእህቶቹ ጋር ይቧቀስ የነበረው ደሄን ሳህኑን ገፋው።

"ዱሪያን እምቢ ስትል ገና ዛሬ አየሁህ።"

"የፓልሙን ችግኝ እየነቀለች አስቸገረች" አለ በመጨረሻ። "አለቃው ነው ያዘዘው።"

"ልጇስ?"

ዓይኑ በሩ ላይ ወደተደገፈው አካፋ ሄደ። ውጭ አንድ ፍሬ ድው አለ። ደሄን ደነገጠ።

ሊንጋይ ፓኬቱን አነሳችና ፊቷ ያለበትን ወገን ወደ እሱ አዙራ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችው።

"ነገ እናገራለሁ፣ አትፍራ። ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። ተነስ፣ አካፋህን ያዝ። ሳይጨልም የቀበራችሁበትን አሳየኝ።"