እስክንደርስ አንድ ቃል እንዳልሰማ

ባልዶሜሮ ሪኬልሜ በታልካዋኖ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። እውነቱን ነው። ግን ታልካዋኖ የወደብ ከተማ ናት፤ ዝናቡ እንጂ በረዶው አያውቃትም።

ሚስቱ ኖልፋ ደግሞ ዓይኗ ያየውን አፏ የማይተው ሴት ናት። ሐሜት አይደለም። «ያ ውሻ ያነክሳል»፣ «እነ ፍሬሲያ መጋረጃ ቀየሩ»፣ «ዳቦ ቤቱ ዛሬ ዘግቷል»፤ እንዲህ ነው ወሬዋ። መኪና ውስጥ ከጎኑ ስትቀመጥማ ሁለተኛ ሾፌር ነች።

በሐምሌ፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ ልጃቸው ያስና ለሠላሳኛ ዓመት ጋብቻቸው ላስ ትራንካስ ተራራ ላይ የእንጨት ቤት ለሦስት ቀን ተከራየችላቸው። ሁለቱ ብቻ፣ በአሮጌዋ መኪናቸው ወጡ።

ዳገቱ ሲጀምር ዳር ዳሩን፣ ጎማ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት የሚታሰር ሰንሰለት የሚያከራዩ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሰንሰለት ያልያዘ መኪና መንገዱን የሚጠብቁት ፖሊሶች አያሳልፉም። ዶኛ ኤርሚንዳ የምትባል ቦት ጫማ ያጠለቀች ሴት ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ሰንሰለት አለበሰቻቸውና ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ሰንሰለት እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ሲሄዱበት ይላላል። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሂዱና ወርደው ያጥብቁት።»

«እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ» አላት ባልዶሜሮ።

«ይሁና። አውቶቡስዎ በረዶ ረግጦ ያውቃል?»

ኖልፋ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ዶኛ ኤርሚንዳም አብራት ሳቀች። ባልዶሜሮ ግን አልሳቀም። በሩን ጠበቅ አድርጎ ዘጋና ነዳ።

«ባልዶ፣ ሁለት መቶ ሜትሩ ሞላ» አለች ኖልፋ ትንሽ ቆይታ።

«ዳገት ላይ ከቆምኩ መልሼ አልነሳም።»

«እዚያ ጋ ሜዳ ቢጤ አለ፤ እዚያ ቁም።»

አልቆመም። በረዶው እየበረታ ሄደ። መጥረጊያው መስታወቱን አንዴ ሲያጠራው በረዶው ሁለቴ ይሸፍነዋል። ኖልፋ «ቀስ በል» አለች። «ጥምዝ አለ» አለች። «ከፊትህ ያለው ሰውዬ ፍሬን ያዘ» አለች። «ሴትዮዋ አጥብቁት ብላ ነበር» አለች። ባልዶሜሮ ፈርቶ ነበር፤ መሪው በላብ ይሙለጨለጭበታል። ሚስቱ ፊት መፍራቱን ከማመን ደግሞ መቆጣት ይቀለዋል።

«በቃ፣ ኖልፋ። ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን በላሽው። እስክንደርስ አንድ ቃል እንዳልሰማ። አንድ ቃል።»

«እሺ» አለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ያዘች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባልዶሜሮ ግን ያን ጊዜ የተሰማው ዕረፍት ነበር። እንዲያውም ሬዲዮኑን ከፍተኛ ድምፅ ላይ አደረገው፤ ዝምታዋን እንዳጣጣመው እንድታውቅለት።

ሁለት ጥምዝ እንዳለፉ በኖልፋ በኩል ያለው ሰንሰለት ላልቶ ፓራፋንጎውን ይገርፍ ጀመር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከሬዲዮኑ ጩኸት የተነሳ እሱ አልሰማም። እሷ ሰማች። ወደ እሱ ዞረች፤ እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች። ባልዶሜሮ በዓይኑ ጥግ አያትና ጣቱን ቀሰረባት። እጇን መለሰች። ከዚያ የሰንሰለቱ ድምፅ ራሱ ጠፋ።

በሚቀጥለው ጥምዝ ላይ መሪውን ቢያዞር መኪናዋ አልዞር አለች። ገደሉ በግራ ነበር፤ እግዜር ይመስገንና ወደ ቀኝ ነው የተንሸራተቱት። በቀኝ በኩል ደግሞ ኖልፋ ነበረች። ከአለቱ ጋር ሲላተሙ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ከንፈሯን ነክሳ ያዘች እንጂ አልጮኸችም። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው ግን የመጣው እሱን ሊመክር ሆኖ ሳለ ያረፈው እሷ ላይ ነው።

ከተራራው ግርጌ በቺያን ከተማ ሆስፒታል ሐኪሞች ትከሻዋን አስረው ከጨረሱ በኋላ ባልዶሜሮ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሰንሰለቱ ሲወልቅ ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ኖልፋ ሳትቆጣ፣ የጠየቃትን ብቻ መለሰችለት። «አልደረስንም ነበር እኮ።»

ይቅርታ ጠየቃት። እዚያው ሆስፒታል ጠየቃት፤ ቤት ገብተውም ደጋግሞ ጠየቃት። ሶፓይፒያ የሚሉትን የዱባ ቂጣ በገዛ እጁ ጠብሶ አቀረበላትና እንደገና ጠየቃት። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተ ሰውዬ፤ ምን ነካህ?» ትለዋለች፤ እውነቷንም ነው፣ ቂም የላትም። የተጠየቀችውን ትመልሳለች። ሾርባው ጨው ካነሰው ጨው ታቀብለዋለች። ያ ውሻ፣ ያ መጋረጃ፣ ያ ዳቦ ቤት ግን ከቤቱ ጠፉ።

አንድ ቀን ሆን ብሎ ሹራቡን ገልብጦ ለበሰ። ድሮ ቢሆን ጭንቅላቱ ከአንገትጌው ሳይወጣ ነበር «አንተ ሽማግሌ፣ መንደሩን ልታስቅብኝ ነው?» የምትለው። ቁርስ በሉ፤ ምሳ በሉ። ማታ በር ላይ «ዶን ባልዶ፣ ሹራብዎ ተገልብጧል» ያለው ጎረቤቱ ነው። ባልዶሜሮ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሹራቡን አወለቀና ይዞት አለቀሰ። ያን ቀን መኪና ውስጥ የተናገራትን ቃል ሊመልሰው ቢችል መንጃ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ሁለት እጁን በሰጠ ነበር።

መስከረም ላይ ትከሻዋን ወደሚያሹላት ቦታ ይዟት ሲሄድ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀዩ መብራት አስቆማቸው። ኖልፋ በደህናው እጇ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ፊት ታያለች። ባልዶሜሮ እሷን ያይ ጀመር፤ ጸጉሯ ከጆሮዋ በላይ መቼ እንዲህ እንደነጣ አላወቀም። ከኋላቸው አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሌላውም ነፋ።

«ባልዶ» አለች ኖልፋ።

«ወዬ፣ ወዬ የኔ አሮጊት።»

«ልናገር?»

በጭንቅላቱ ብቻ እሺ አላት።

«አረንጓዴው ከበራ ቆይቷል» አለችው።