እሳት የማይደፍረው መድረክ

ከፈለኝ የቡና ድለላውን በተወ በዓመቱ ዴክ ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን ቡና ይተክላል፣ ወይ አርፎ ይቀመጣል። እሱ ግን አርፎ መቀመጥን ማን አስተምሮት!

"ዴክ ደግሞ ምንድን ነው?" ብዬ የጠየቅኩት ዕለት ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ከንፈሩን አሞጠሞጠ።

"ዴ...ክ! ከቤት ውጭ የሚሠራ የእንጨት ወለል ነው፤ ጣሪያ የለውም። ቱሪስቱ እዚያ ተቀምጦ ጫካውን ያያል።"

"ታዲያ መድረክ ነው በለኛ!" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሁሉ "መድረክ" እያለ ጠራው። "ዴክ ነው!" እያለ ቢቆጣም የሰማው የለም። እኔም ደስ አለኝ፤ ወላሂ አልዋሽም።

ቦታው እኮ የእሱ አይደለም። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሱቄ ማዶ ያለው ግቢ የሚስቱ የአጸደ ነው፤ ቤቱም ቡናውም ከአባቷ የወረሰችው። ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ አባቷ በእጃቸው የሠሯት አንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ነበረች። ሽማግሌው የሞቱትም እዚያው ነው። አጸደ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ገብታ የምትጸልየው እዚያ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ እሷ ግን በየጊዜው ሣሩን እያስቀየረች አኖረቻት። ከፈለኝ ጎጆዋን አፍርሶ ቦታውን ሊያሰፋ ስንት ጊዜ ጨቀጨቃት። እሷ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ጎጆዋን ተውልኝ፤ ሌላውን እንደፈለግክ።"

የእሳቱ ነገር የመጣው አምና ነው። በየካቲት ሰዎች ለማሳ ሲመነጥሩ የለኮሱት እሳት ከእጃቸው አምልጦ የአጸደ ቡና ጫፍ ድረስ ደረሰ። ወንድ ሴት ሳይል ሰው ሁሉ እርጥብ ቅጠል ይዞ እየደበደበ አጠፋው። እኔም ጫማዬ ተቃጥሎብኛል። ከፈለኝ ያን ቀን ቅጠል አልያዘም፤ ስልኩን ይዞ ይቀርጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የፈረንጅ ቪዲዮ እያየ "እሳት የማይደፍረው ዴክ" ማለት የጀመረው።

እውነቱን ለመናገር ሥራው መጥፎ አልነበረም። ቲቶ የሚባል አናጢ ከቴፒ አስመጣ። ቋሚው ብረት ነው፤ እግሩ በሲሚንቶ ተቀብሯል። ከወለሉ ሥር ሣር እንዳይበቅል ጠጠር ተነጠፈ፤ ፍንጣሪ እንዳይገባም ዙሪያው በቆርቆሮ ተዘጋ። ጣውላው ወፍራም ነው፤ አንዱ ካንዱ ጋር ተጣብቆ ምላጭ አያስገባም። በላዩም ከአዲስ አበባ ያስመጣውን እሳት ይከላከላል የተባለ ቀለም ደጋግሞ ቀባው። ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ነገር ሁሉ አስጠረገ፤ የቡና ጭራሮ አልቀረ፣ ገለባ አልቀረ። ይኸን ሁሉ አድርጎ መድረኩን የሠራው ግን የት ነው? ጎጆዋ አፍንጫ ሥር! ከመድረኩ እጅህን ብትዘረጋ የጎጆዋን ክዳን ትነካለህ። በመንደሩ ከእሷ የበለጠ ደረቅ ሣር የት ይገኛል?

አጸደ ለመነችው። "ትንሽ ራቅ አድርገው" አለችው፣ እኔ ባለሁበት።

"ጫካው አምሮ የሚታየው እዚህ ነው፤ ደግሞ እሳት ከቡናው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ዴኩን ነው። ዴኩ ለጎጆሽ ጋሻ ነው" አላት።

"ጋሻው ያንተ አፍ ነው፤ እሱስ ምንም አይበሳውም" አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር የተሠራ ነገር ካልተመረቀ አልተሠራም። የውኃ ቧንቧ ይመረቃል፣ ሽንት ቤት ይመረቃል። የከፈለኝ መድረክም ዘንድሮ በአንድ የየካቲት ቅዳሜ ሪባን ታሰረለት። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ አማን ከተማ ይሰማ ይመስል ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሪባኑን ቆረጡና ሁለት ቃል ብለው ተቀመጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ከዚያ ከፈለኝ ማይኩን ያዘ፤ ያዘ ማለት ያዘ ነው። ስለ ቱሪዝም ተናገረ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ ተናገረ፣ ስለ ራሱ ተናገረ። ሙያ በልብ ነው ሲባል አልሰማም።

"አሁን ደግሞ በተግባር!" አለ በመጨረሻ።

በተግባር ያለው ምን መሰላችሁ? መድረኩ ላይ እሳት ሊያነድ ነው! ያስጠረገውን ጭራሮ መልሶ በክንዱ ሙሉ ተሸክሞ አመጣና ጣውላው መሐል ከመረው። ማቀጣጠያ ብሎ ደግሞ ደረቅ የኮባ ቅጠል አለበሰው። ደረቅ ኮባ ሲነድ ምን እንደሚሆን እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል፤ እንደ ወረቀት እየተቦጨቀ፣ እሳቱን እንደያዘ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። ከፈለኝም እዚሁ ተወልዷል። ያውቃል። ግን ማይክ የያዘ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል መሰለኝ።

አጸደ ከወንበሯ ተነሥታ "ከፈለኝ፣ ተው! ነፋስ አለ!" አለችው።

"የዴኩ ባለቤት እንኳ አላመነችም!" ብሎ በማይኩ አሳቀባት። ሰውም ሳቀ። ክብሪቱን ጫረ።

ነደደ። ጣውላውን ግን፣ እውነት ነው፣ አልያዘውም። ከፈለኝ ጀርባውን ለጎጆዋ፣ ፊቱን ለእኛ ሰጥቶ "ታያላችሁ? ታያላችሁ?" ይላል። እኛ የምናየው ሌላ ነው። አንድ የኮባ ቁራጭ እየነደደ ከትከሻው በላይ ተነሣና የጎጆዋ ክዳን ላይ አረፈ። ሌላ ተከተለ።

"እሳት! እሳት!" ብለን ጮኽን።

"አዎ፣ እሳት!" አለ በማይኩ። "እሳት ነው! ግን አይደፍረውም!"

"እሳት! ኧረ ከኋላህ!"

"ከኋላም ከፊትም አይደፍረውም! አጨብጭቡ!"

አላህ ምስክሬ ነው፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ዞር ብሎ ያየው ወላፈኑ ማጅራቱን ሲነካው ነው። ያን ጊዜ ማይኩን ጣለው፤ ሲወድቅ ያሰማው ጩኸት ከንግግሩ ሁሉ የተሻለ ነበር። እኛ በጄሪካንም በቅጠልም ሮጥን። ሣር ነው፤ ምን ይጠብቃል? የቆርቆሮውን ቤትና ቡናውን አተረፍን። ጎጆዋ ግን ቅስሟ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወደቀች። አጸደ ሁለት ጊዜ ልትገባ ሮጣ ሁለት ጊዜ ያዝናት። "አባቴ! አባቴ!" ስትል የሰማሁት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ በምላሴ ሰውን የማልምር ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ጭሱ ገና ሳይበርድ፣ እንግዳው ወንበሩን ጥሎ ሲበታተን፣ ከፈለኝ ወደ ሚስቱ ተጠጋ። ዝም ቢል ምናለ! በጨው የታጠበ ዓይኑን አፍጥጦ "አጹ፣ አይዞሽ፤ ዴኩ እኮ ምንም አልሆነም። ጥላሸት ብቻ ነው የነካው፤ ነይ እዪው" አላት።

አጸደ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና አየችው። መድረኩን አየችው።

"አየሁት፤ ደህና ነው። እንግዲህ አንተ እዚያ ትተኛለህ" አለች።

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ቤት ገባች፤ ፍራሹንና ትራሱን አውጥታ መድረኩ ላይ አነጠፈችለት፤ ብርድ ልብስም ጨመረች። ክፉ ሴት አይደለችም። ተመልሳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች።

ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መድረኩ ላይ ተቀምጠው አቤቱታውን ሰሙና ወደ እሷ ሄዱ። "ጎጆዬን በእጁ ይሥራልኝ፤ አባቴ እንደሠራት በሣር ክዳን። የዚያን ቀን ይገባል" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹም በፍርዷ የሚነቀፍ ነገር ስላጡ ቡራኬ ሰጥተው ሄዱ።

ከፈለኝ እንጨት ቆረጠ፤ ግድግዳውን እያጣመመም ቢሆን አቆመ። አናጢ እንዳይጠራ ተከልክሏል። ክዳኑን ግን ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ። አንድ ቱሪስት አልመጣም፤ መጥቶ ቢሆን ጫካውን ትቶ እሱን ባየ ነበር።

ትናንት የዘንድሮው ክረምት ዝናብ ጀመረ፤ በእኛ አገር ከጀመረ ጀመረ ነው። የሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳይ ከፈለኝ ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ተቀምጦ ይንጠባጠባል።

"ሐፍሳ!" ብሎ ተጣራ። "በእናትሽ፣ የክዳን ሣር የሚሸጥ ሰው ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፤ ግን የክዳን ሣር የሚታጨደው ደርቆ ነው። አሁን የታጨደ ይበሰብሳል" አልኩት።

"ታዲያ መቼ ነው የሚደርቀው?"

"በበጋ" አልኩትና ወደ ሱቄ ገባሁ።