ከጨማቂው ወዲያ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም። በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ላብራቶሪ ስድስት ዓመት ባክቴሪያ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ዝቃጩ በትልቁ ጋን ውስጥ ሲሞቅ ቆይቶ ሲወጣ ናሙና እወስዳለሁ። ምንም ካላገኘሁበት ለገበሬዎች ማዳበሪያ እንዲሆን “ንጹሕ” ብዬ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ ጨማቂው፣ ማለትም እያሽከረከረ ውሃውን የሚለየው ማሽን፣ ያደርቀዋል።

በቀደም አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከጨማቂው ወዲያም ይቆጠር አለ። ቆጠርኩ። ናሙናውን ያበቀልኩበት ሳህን በባክቴሪያ ተወሯል።

ጨማቂው ላይ የሚሠራው የታናሽ እህቴ ባል ነው።

“ማሽኑን ታጥባለህ?” አልኩት።

“በየፈረቃው አጥባለሁ፣ እትዬ።”

መሬት መሬት እያየ ነበር የመለሰልኝ። ንጹሕ ሰው ምን ቆርጦት ነው መሬት የሚያየው? ሦስት ቀን ተከታተልኩት። ሲያጥብ አየሁት፤ ስለማየው ነው የሚያጥበው ብዬ ይባስ ጠረጠርኩ። “የጽዳት ጉድለት” ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፣ እሱም ከሥራ ታገደ። እህቴ ስልኬን ማንሳት አቆመች።

እሱ በሌለበት ማሽኑን በፈላ ውሃ ራሴ አጠብኩ፤ ከማሽኑ ከሚወጣውም ናሙና በእጄ ቀዳሁ። ግማሹን ያኔውኑ ሳህን ላይ አደረግኩ። ግማሹን በተቀቀለ ጠርሙስ አሽጌ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም። የመጀመሪያው ሳህን እንደ ፊቱ ተወረረ። ማንም ያልነካው ጠርሙስ በማግስቱ ሲቆጠር መቶ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ክው አልኩ። ሙቀቱ አደንዝዟቸው ነበር እንጂ አልገደላቸውም። ደንዝዘው ሳሉ ሳህኔ ላይ አይበቅሉም፣ እኔም የሉም እላለሁ። ጨማቂው ሲያሽከረክራቸው ይነቃሉ፣ ከዚያ ይራባሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከማሽኑ በፊት ቀድቼ፣ ከማሽኑ በኋላ ለሚሄደው ፈርሜያለሁ። አፈርኩ።

በቀጥታ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

“ነገ ሪፖርቴን አነሳለሁ፤ ትመለሳለህ” አልኩት።

“እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ጥፋቴን አምኜ ፈረምኩ፣ እትዬ።”

“የምን ጥፋት? ስታጥብ በዓይኔ አይቼሃለሁ።”

“እርስዎ ካሉ እውነት ይሆናል ብዬ ነዋ” አለ። “ደጋግሜ ሳስበው፣ ሳላጥብ የቀረሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ሳይሆን አይቀርም።”