የሻለቃ ዳሌ

የሻለቃ ዳሌ የተበላሸ ነበር፤ ጤነኛ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚያ ፊርማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲራባ ኖረ።

ሻለቃ የአጎቴ ውሻ ነው። ንጹሕ ዘር ጀርመን ሼፐርድ፤ ሰፊ ደረት፣ ጥቁር ጀርባ፣ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰዎች ወሬያቸውን የሚያቋርጡለት ዓይነት። አጎቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ውሻ ማራባት ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ከተመረቅኩ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «ዶክተሬ» ነው የሚለኝ።

የአርቢዎች ማኅበር ደንብ አለው። ወንድ ውሻ ለማራባት ከመዋሉ በፊት፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ዳሌው ራጅ ይነሳል፣ ሐኪም አይቶ ይፈርምበታል። ይህ ዘር የሚወርሰው አንድ ችግር ስላለ ነው፤ የጭን አጥንቱ ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ቦታ ጋር በደንብ አይገጥምም። ልል የሆነው መገጣጠሚያ ዓመት በዓመት ይፋተጋል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻ ውሻው ከተኛበት መነሳት ያቅተዋል። ከውጭ ግን ላያስታውቅ ይችላል። ጡንቻው የጠነከረ ውሻ ልሉን አጥንት አጥብቆ ይዞ ለዓመታት ሰው ያታልላል። ስለዚህ ራጁ የሚነሳው ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻው ሁሉ ከለቀቀ በኋላ ነው። ይህን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

አጎቴ ግን ማደንዘዣ የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። ከሻለቃ በፊት የነበረችው ውሻው ጥርስ ለማስነቀል ተደንዝዛ ሳትነቃ ቀርታለች። የሆነው አሁን እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።

«መርፌ አትወጊውም፣» አለኝ ሻለቃን ለራጅ ያመጣው ቀን።

«ጋሼ፣ ካልተኛ አይሆንም።»

«እኔ ከያዝኩት ከተኛ በላይ ነው። አንቺንም ክትባት ስትወጊ የያዝኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ነክሰሽኛል፤ እሱ አይነክስም።»

የክሊኒኩ ረዳት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኮሪደሩ ላይ አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ አንዱ ድመቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ድመቷ ቤቱን በጩኸት አናግታዋለች። ቶሎ መጨረስ ፈለግኩ። አጎቴ ከራጅ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ የሻለቃን የፊት እግሮች ያዘ። እኔ የኋላ እግሮቹን ወደ ታች ስቤ ጉልበቶቹን ወደ ውስጥ አዞርኩ። ረዳቷ ከግድግዳው ጀርባ ሆና ቁልፉን ተጫነች። ሻለቃ በጀርባው ተንጋሎ የአጎቴን ዓይን ዓይን ያያል፤ ንቅንቅ አላለም። ጭኑ ግን እጄ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ይህ ተሰምቶኛል። አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው።

ምስሉ አምሮ ወጣ። የአጥንቶቹ ራሶች ጎድጓዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። ቅጹ ላይ «በማደንዘዣ የተነሳ» የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ ከሆነ ማኅበሩ አይቀበለውም። ምልክት አደረግኩበትና ፈረምኩ።

ባለፈው ወር አንዲት ልብስ ሰፊ የአሥር ወር ቡችላ ይዘው መጡ።

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እንደ ጥንቸል ነው የሚሮጥ፣» አሉኝ። «ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ እያነሳ። መጀመሪያ ስንስቅ ነበር። አሁን ደረጃው ሥር ይቆምና ያለቅሳል።»

አስተኝቼ ራጅ አነሳሁት። ጎድጓዳ መሆን የነበረበት ቦታ እንደ ዝርግ ሳህን ነው። ሁለቱም የአጥንት ራሶች ከውጭ ተቀምጠዋል።

«ወድቆብኝ ይሆን?»

«አልወደቀም። አብሮት የተወለደ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ? አባቱ ወረቀት አለው። እኔ እኮ ዝም ብዬ አልገዛሁም፤ ፊርማና ማኅተም አይቼ ነው።» ከቦርሳቸው ቅጂውን አወጡ። እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ውስጥ አድርገውታል። የራሴን የእጅ ጽሑፍ ከሩቁ አወቅኩት።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ፣» አልኳቸው። «ተሳስቻለሁ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን መልሰው ላስቲኩ ውስጥ ከተቱ።

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግለታል?»

ክብደቱ እንዳይጨምር መጠበቅ፣ የሕመም ማስታገሻ መስጠት። ቀዶ ሕክምና አለ፤ እኛ ጋ የሚሠራው የለም።

«እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣» አሉ።

«ሲያድግ ሠላሳ አምስት ኪሎ ይደርሳል።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«እሱን እችላለሁ፣» ብለው ቡችላውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ።

በዚያው ሳምንት ከሌሎች እናቶች የተወለዱ ሁለት የሻለቃ ልጆች አፈላልጌ በነፃ ራጅ አነሳኋቸው። የሁለቱም ያው ነው። የማኅበሩን ጸሐፊ ደወልኩለት።

«የሻለቃን ወረቀት ማሰረዝ እፈልጋለሁ።»

«የውሻው ባለቤት ነሽ?»

«ሐኪሟ ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ያስመዘግባል እንጂ አያሰርዝም። ባለቤቱ ማመልከቻ ያስገባ፤ ወይም ውሻው እንደገና ራጅ ይነሳ።»

«ባለቤቱ ካልፈቀደ እንዴት ይነሳል?»

«እሱማ አይነሳም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ባለቤቱ ያመልክት ነው የምልሽ።»

«እስካሁን ስንት ልጅ ተመዝግቦለታል?»

መዝገብ ሲገላበጥ ተሰማኝ። «አርባ ሰባት። ዘንድሮ ከሁሉም አንደኛ ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ማመልከቻውን ራሴ ጽፌ፣ ለአጎቴ ፊርማ ብቻ ቦታ ትቼ ቤቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ውሻ አጥሩ ጥግ ታስራለች። ሳሎን ውስጥ ባለቤቷ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሻለቃ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

«በደህና ቀን መጣሽ፣» አለኝ አጎቴ። «ዛሬ ሙሽራ አለችን።»

ሹፌሩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። «ደም ካየች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ዶክተር። አምስት ሰዓት ነድቼ ነው ያደረስኳት።»

«ጋሼ፣ ለብቻችን እናውራ።»

«ከእንግዳ የምደብቀው ነገር የለኝም። ተናገሪ።»

ሻይ እስኪቀርብ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ሁሉንም እዚያው ቆሜ ተናገርኩ፤ ነቅቶ የተነሳውን ራጅ፣ ሦስቱን ቡችሎች፣ ዛሬ ከተገናኙ ደግሞ ስምንት ወይ ዘጠኝ እንደሚጨመሩ። አጎቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከእናታቸው ይሆናላ።»

«እናቶቻቸው የተለያዩ ናቸው።»

«ምግብ ነው እንግዲህ። ሰዉ ውሻን ያህል ነገር ፎቅ ላይ ቆልፎ ዳቦ ሲያጎርሰው ይከርምና፣ እግሩ እንቢ ሲል የኔን ውሻ ያማል።»

«እሺ፣ እንደምትለው ይሁን። አንድ ጊዜ አስተኝተን እናንሳውና ይለይለት። አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ከአጠገቡ አልጠፋም።»

«እሷም ጋ ከአጠገቧ አልጠፉም ነበር።»

«መድኃኒቱ ተለውጧል ጋሼ። ልቡን አስቀድመን እናያለን።»

«ያኛውም ዶክተር አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ፣» አለና የሻለቃን ጆሮ ማሻሸት ጀመረ።

ሹፌሩ ከኪሱ ቅጂውን አውጥቶ ዘረጋ። ያው የእኔ ጽሑፍ። «ዶክተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እዚህ ላይ በማደንዘዣ የተነሳ ይላል እኮ።»

«ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እና የአሁኑን በምን ልመን?»

ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የቡችሎቹን ራጅ ከቦርሳዬ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስደገፍኩለት፤ ጣቴን ከአጥንት አጥንት እያሻገርኩ አስረዳሁት። አንገቱን ይነቀንቃል። ሐኪም ሲያብራራ ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል።

«እንካ፣ በዓይንህ እይ፣» አለው አጎቴ። ተንበርክኮ ክንዱን አግድም ዘረጋ። «ሻለቃ፣ ዝለል።»

ሻለቃ ከተኛበት ተነስቶ፣ አንዴ ጅራቱን ወዝውዞ፣ ከክንዱ በላይ ተሻገረ። ሲያርፍ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ጣለው፤ የኋላ እግሮቹ ጠበብ ብለው ተከተሉት። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«አየኸው አስተራረፉን? ክብደቱን ከኋላ እግሮቹ እያሸሸ ነው፣» አልኩት ሹፌሩን።

«ዘለለ እኮ፣ ዶክተር።»

አጎቴ ማመልከቻውን ከእጄ ወስዶ መነጽሩን አደረገ፤ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሁለት ጊዜ። እስክሪብቶ አቀበልኩት። ተቀበለኝ።

«ይህን ብፈርም አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

«የሥራ ፈቃዴን ሊወስዱት ይችላሉ።»

«በሐሰት ፈርማለች ብለው።»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«የፈረምሽው በእኔ ምክንያት ነው።» እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጠመለትና ወረቀቱን በአራት አጠፈው። «የወንድሜን ልጅ አስተምሬ፣ በገዛ እጄ ላስባርራት? ይህን እኔን አታስደርጊኝም።» የታጠፈውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

«ጋሼ፣ አርባ ሰባት ናቸው።»

«ሁሉም ሰው ቤት ነው ያሉት። ሁሉንም የሚወዳቸው አለ።»

«ሴትዮዋ ቡችላውን ተሸክመው ነው ፎቅ የሚወጡት።»

«ደግ ሰው ናቸው፣» አለ። የምሩን ነው ያለው።

ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። «ውሻህን ይዘህ ሂድ። ሌላ ወንድ እኔ እፈልግልሃለሁ።»

«ቀኗ ዛሬና ነገ ብቻ ነው፣ ዶክተር። ከዚያ ስድስት ወር ነው።» አጎቴን አየ። አጎቴ ማሰሪያውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ሻለቃ አንገት ላይ ያስር ነበር።

በሩ ላይ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። አጎቴ መጥቶ ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘ፤ አልገፋኝም፣ ዕቃ ከመንገድ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጎን አዛወረኝ።

«ገና ምሳ አልበላሽም፣» አለኝ። «ተቀመጪ፣ መጣሁ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ዓይኔን ላለማየት አቀርቅሮ ቀድሞ ወጣ። አጎቴ ሻለቃን አስከትሎ ወደ ግቢው ወረደና በሩን ከኋላው ዘጋው።