የወለተ ኪዳን ተራ

መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ባሌ ናቸው። ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ረስተውታል። እራት ሳቀርብላቸው፣ “እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ፣ አስቸገርኩዎት” ይሉኛል። ጎልማሳ ሳሉ እንዲህ ትሑት ቢሆኑ ስንት ጠብ ይቀርልን ነበር! እስቅና ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። “ሸጊቱ እኮ ነኝ” ስላቸው፣ “ሸጊቱ ልጅ እግር ናት!” ብለው ይቆጣሉ። በፊት በፊት “ሚስቴ ወዴት ሄደች?” ይሉ ነበር፤ ሰሞኑን መጠየቁንም ትተዋል። ልጅ አልወለድን፣ ደባርቅ ላይ ማን አለኝ?

ጎንደር ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ፣ አዲሱን ነገር የሚይዘው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይደክማል አለኝ፤ በልጅነት በዜማ የገባው ግን ሰንብቶ ይቀራል፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበ ያወጣዋል። እውነቱን ነው። ደረስጌ የተማሩት ድጓ አንዲት ፊደል አልጎደለችም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው በድጓ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ስንመለስ ዳባት ላይ መላ መጣልኝ። ሳይታመሙ በፊት ጠዋት ጠዋት ጸሎት ሲያሳርጉ የቤተ ዘመዱን የክርስትና ስም በዜማ ይጠሩ ነበር፤ አስቀድሞ በሕይወት ያለውን፣ ቀጥሎ የሞተውን። ሰው ሲሞት ስሙን ወደ ሙታን ተራ ያዛውሩታል። የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ኪዳን ነው፤ ተራዬም ከእኅታቸው ቀጥሎ። ሸጊቱን ቢረሱ፣ ወለተ ኪዳንን ዜማው ይስብልኛል አልሁ። አንዴ ብቻ ስሜን ቢጠሩኝ!

በማግስቱ ማለዳ አጠገባቸው ቆሜ መነሻውን እኔው አዜምሁላቸው። ፊታቸው በራ፤ ተቀበሉኝ። ወንድማቸውን ጠሩ፣ እኅታቸውን ጠሩ። ተራው የእኔ ሆነ።

ዘለሉኝ።

ወደ ሙታን ተሻገሩ። አባታቸውን ጠሩ፣ እናታቸውን ጠሩ፤ ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ።

“አዕርፍ እግዚኦ ነፍሳ ለአመትከ ወለተ ኪዳን።”

ነፍሷን አሳርፍልኝ ብለው ስለ እኔ ፈጣሪን ለመኑ። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። አለሁ ብዬ ልጮህ አማረኝ፤ ግን ማን ያምነኛል? ደግሞም ሐዘንተኛ ናቸው፣ አጽናኝ የላቸውም፤ አንጀቴ አልቻለም።

“እግዜር ያጽናዎት መሪጌታ” አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ያውቋት ነበር እሜቴ?”

“አሳምሬ።”

መደቡን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። “እንግዲያስ ይቀመጡ፤ ስለሷ ያጫውቱኝ።”

ተቀመጥሁ።