ዓይኗን የምትጨፍነው ልጅ

አጣቢዋ ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትወጣ እግሯ የእሷ አይመስልም ነበር። ከጠዋት ጀምራ እርጥብ አንሶላ ከማሽን ማሽን ስታዘዋውር ነው የዋለችው። እንዲያም ሆኖ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በልጅነቷ ሶፍትቦል የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ እየተመታ በጓንት የሚያዝበትን ጨዋታ ትጫወት ስለነበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ የሰፈሩን ሴት ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ታሠለጥናለች። እህቷ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለች ትተርትባታለች። አጣቢዋም ዛሬ «በቃኝ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ልትላቸው ቆርጣለች።

የቆረጠችው ስለደከማት ብቻ አልነበረም። ባለፈው ልምምድ የወረወረችው ኳስ የድምቢጥን ጉንጭ መትቶታል። ድምቢጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከሁሉም ስለምታንስ ጓደኞቿ ናቸው ስሙን ያወጡላት። ኳስ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። አጣቢዋ ይህን እያወቀች፣ ቶሎ ጨርሳ ልትሄድ ስትል በኃይል ለቀቀችው።

ሜዳው ላይ የድምቢጥ እናት ቆማ ጠበቀቻት። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ልጅቷ ከኋላዋ ተሸጉጣለች፤ ጉንጯ በልዟል።

«አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሻት?»

አጣቢዋ ሰበብ ልትፈልግ ነበር፤ ሰበብም ግን አቅም ይጠይቃል። «እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ቸኮልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

ምላሷን ስላ የመጣች ሴት፣ ይቅርታ ሲቀድማት ምን ትላለች? «ማን ያልደከመው አለ ብለሽ ነው» አለች እናትየዋ። «ላስቀራት ነበር፤ አልቀርም ብላ እዬዬ አለችብኝ። ምን እንዳዞርሽባት እንጃ።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

አሁን «በቃኝ» የሚለው ቃል ከአፏ እንዴት ይውጣ? አጣቢዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ሕመምተኞች ረስተዋቸው የሄዱ ጎዶሎ ካልሲዎች ነበሩበት፤ ለመወልወያ ብላ ነበር የያዘቻቸው። አንድ በአንድ ጠቀለለቻቸው።

«ዛሬ ዱላም ጓንትም የለም። በእነዚህ ነው የምንጫወተው።»

«እትዬ ደግሞ! በሰው ካልሲ?» አለች ረጅሟ ልጅ፣ ሰንበሌጥ የሚሏት።

«ታጥቧል፣ አትፍሪ። ያጠብኩት እኔው ነኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። አጣቢዋ መቆም ስላቃታት የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ጨዋታውን ነገረቻቸው፤ ካልሲውን ከጀርባዋ ደብቃ ትወረውራለች፣ ተራ የደረሳት ልጅ ደግሞ እጇ ከመግባቱ በፊት ቀለሙን ጮክ ብላ ትጠራለች። «እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋችሁ ተቀበሉት» አለች።

ድምቢጥ ተራዋ ሲደርስ ጨፈነች። «ቀይ!» አለች በግምት። አረንጓዴው አፍንጫዋ ላይ አረፈ። አላመማትም፤ ግራ ገብቷት ሳቀች። ሁለተኛውም አመለጣት። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሰማያዊ!»

ያዘችው። ሰንበሌጥ ተሸክማት ዞረች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ድምቢጥ ጓንቷን አጥልቃ መጣች። «እትዬ፣ እውነተኛውን ወርውሪልኝ።»

የአጣቢዋ እጅ አመነታ። አሁን የፈራችው እሷ ነበረች። ከሥር፣ በቀስታ ለቀቀችላት።

«ቢጫ!» ኳሱ ጓንቷን ነክቶ ወደቀ። «ጣልኩት» አለች ድምቢጥ፣ «ግን አየሁት! እስኪመጣ ድረስ አየሁት!»

«አየሁሽ» አለች አጣቢዋ።

እናትየዋ ግድግዳው ሥር እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ልጅቷ ስትቀሰቅሳት ደንግጣ «ወራጅ አለ!» አለችና የራሷ ድምፅ አሳቃት። ጫማዋን እያጠለቀች ወደ አጣቢዋ ዞረች።

«ሐሙስ አለ አይደል?»

አጣቢዋ ትንፋሿን ሳበች። «አለ።»

«እረፍቴ ነው። ኳስ ልልቀምልሽ፤ ሩጪ ካላልሽኝ ብቻ።»

«ማን ይሮጣል?» አለች አጣቢዋ፣ ከባልዲው ላይ ለመነሳት እጇን እየዘረጋችላት።